አሮጌውን ሞተር ስናድስ ቍጥሩን አንፋቅ





ከማድቤት ጀርባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጆንያ ለብሶ የቆመ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ያላቸው ቤተ ሰቦች ጥቂት አይደሉም። አባት ገዝቶት፥ ልጅ ወርሶት፥ አቧራ ውጦት የቀረ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከቢሮ መልስና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያለውን ሞተር በገዛ እጃቸው እየፈቱ የሚያድሱ የሥራ ባልደረቦች ገጥመውኛል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ሰውን ከቤቱ ያውለዋል፤ ልጆችም ከአባታቸው አጠገብ ቁመው ካቻቢቴ ማቀበልን ይማራሉ። ይሁን እንጂ ጨርሶ የሚታደስ ነገር አለ፥ አንድ ጊዜ ከጠፋ የማይመለስም አለ። ሁለቱን ሳይለይ ሥራ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚገጥመው በራሴ ስለ ደረሰ ብዕር ላነሣ ተገደድሁ።

የእኔው ቬስፓ 150 ነው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳሉ በ1955 ዓ.ም. ገዝተውት ብዙ ዘመን አገልግሏቸዋል። ከስድስት ዓመት በፊት ላድሰው ተነሣሁና ቸኮልሁ። አሮጌውን ቀለም በግራይንደር ፋቅሁት፤ የተጐዳጐደውን ሁሉ በስቱኮ ሞላሁት፤ ከዚያም አንቲሩጅና ቀለም ቀባሁት። ቀለሙን የመረጠችው ባለቤቴ ስትሆን አባቴ ከገዙት ቀለም ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ በቤታችን ስምምነት የለም። የሆነ ሆኖ ሞተሩ አምሮ ወጣ።

ለዓመታዊ ምርመራ ይዤው ስሄድ መርማሪው ዞሮ ዞሮ አየውና፥ «ወንድሜ፥ ማማሩስ ያምራል፤ ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም» አለኝ። የሻሲው ቍጥር በሞተሩ በኩል ባለው የጎን ክዳን ሥር በላመራው ላይ የተመታ ነበር። እኔ ግማሹን ፍቄ ግማሹን በስቱኮ ደፍኜዋለሁ። የሞተሩ ቍጥር ደግሞ ከሊብሬው ጋር አልገጠመም። ለካስ አባቴ በአንድ ወቅት ሞተሩን ከምናለሽ ተራ በተገዛ ሌላ ሞተር አስለውጠውት ኖሮ ማንም በሊብሬው ላይ አላስመዘገበውም። እንግዲህ የገዛ አባቴን ንብረት የራሴ መሆኑን ማስረዳት ፈለግሁና ሰባት ወር ደብዳቤ ስጽፍ፥ ደረሰኝ ስፈልግ፥ ምስክር ስቈጥር ኖርሁ። በመጨረሻ ያዳነኝ ስቱኮውን በቀለም ማስለቀቂያ ቀስ ብዬ ሳወጣ ጥቂት አኃዞች ሳይጠፉ መገኘታቸውና እናቴ በሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት የአሮጌ ግብር ደረሰኝ ነው። መርማሪውን አልወቅሰውም፤ ሥራውን ሠራ። የተሰረቀ ሞተር የሚለየው በዚሁ ቍጥር ነውና።

ስለዚህ ይህን ሥራ የሚጀምር ሁሉ አንድም ቡሎን ከመፍታቱ በፊት ቍጥሩን ፈልጎ ያግኝ። ስስ ወረቀት ከላዩ አድርጎ በእርሳስ ያሽው፤ ፎቶግራፍም ያንሣው፤ ከዚያ ቦታውን ቅባት ቀብቶ በፕላስተር ይሸፍነው። በዚህ ዐይነቱ ቬስፓ ቍጥሩ ቪ ቢ ቢ በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። ከአንዱ አኃዝ ቀጥሎ የሚመጣው «ቲ» ቴላዮ፥ ማለት ሻሲ ሲሆን፥ በሞተሩ ላይ የሚገኘው «ኤም» ደግሞ ሞቶሬ ማለት ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ሰባት ወር ባላጠፋሁ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ክርክር በቤቴ ገብቷል። የእህቴ ልጅ የቴክኒክ ትምህርት የጨረሰ ብርቱ ልጅ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ አሳቡ ሁሉ ወደ ባትሪ ነው። ባለፈው ወር መጥቶ፥ «ጋሼ፥ ኋላውን ቈርጠን እናሳጥረው፤ ሞተሩንም አውጥተን በባትሪ እናስኪደው» አለኝ። እኔም «ባትሪውን እንነጋገርበት፤ ግራይንደሩን ግን መልሰህ ስቀለው» አልሁት። የሽማግሌ ግትርነት መስሎት ቅር አለው፤ ነገር ግን ምክንያት አለኝ።

ፒያጆ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ አስቀድሞ አይሮፕላን ሠሪ ነበር። ጦርነቱ አልቆ ፋብሪካው በቦምብ ፈርሶ ሳለ፥ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለ የአይሮፕላን መሐንዲስ ቬስፓን ነድፎ አወጣ፤ ፈጠራውም በሚያዝያ ወር 1938 ዓ.ም. ተመዘገበ። መሐንዲሱ ሞተር ብስክሌት የማይወድ ሰው ነበር ይባላል፤ ስለዚህም ይመስላል ሌሎቹን ያልመሰለ ነገር የሠራው። የቱቦ ሻሲ የለውም። የታጠፈው ላመራ ራሱ ልብስም አጥንትም ነው። የሌላውን ሞተር ብስክሌት የኋላ ጭቃ መከላከያ ብትቈርጥ ቆርቆሮ ቈረጥህ፤ የቬስፓን ኋላ ብትቈርጥ ግን የቤትህን ማገር ቈረጥህ ማለት ነው። የእግር መርገጫው ሲዝግም እንደዚሁ ነው፤ በስቱኮ ሞልቶ መቀባት ምስጥ የበላውን ምሰሶ በኖራ እንደ መለሰን ይቈጠራል። የዛገው ተቈርጦ ወጥቶ በተመሳሳይ ላመራ መበየድ ይገባዋል፤ ሲበየድም አካሉ እንዳይጣመም ደግፎ ማሰር ያስፈልጋል።

ሞተሩን ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ሽቦዎቹና ገመዶቹ ከተፈቱ በኋላ ሞተሩን ከነጎማው የሚይዘው ከፊት አንድ ረጅም ቡሎን፥ ከኋላ አሞርተሩ ብቻ ነው። በውጭ አገር ለአሮጌ ቬስፓ የሚሸጡ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ፤ በዚያው በቀድሞው ቡሎን ቦታ ይገባሉ፤ አካሉ አይቈረጥም። የእህቴ ልጅ በዚህ መንገድ ቢሠራው የአባቴ ሞተር በቅባት ተጠቅሎ ሣጥን ውስጥ ይቈያል፤ ነገ አሳቡን ቢለውጥ ይመልሰዋል። የመብራቱን 6 ቮልት ወደ 12 መለወጥ፥ ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ መተካት፥ ሌላ ወንበር ወይም ዕቃ መጫኛ መግጠም ይህ ሁሉ በቡሎን ገብቶ በቡሎን የሚወጣ ስለ ሆነ ተቃውሞ የለኝም። እንዲያውም የፍሬን መብራቱን ደመቅ አድርጎ ቢያሻሽለው ደስ ይለኛል፤ ዛሬ መንገዱን የሞላው መኪና የ1955ቱ አይደለም።

በቤንዚን ለሚቀጥሉት ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፥ ሰልባትዮው፥ ማለት የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ፥ ቀዳዳ ቢኖረው በቤት ውስጥ ብየዳ አይሞከር። ብዙ ሰው ቤንዚኑ ስለ ተደፋ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ በባዶው ውስጥ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። ልጆች አጠገባችን ቁመው ካቻቢቴ እንደሚያቀብሉን ከላይ ተናግሬአለሁ። ሁለተኛ፥ ይህ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። የድሮዎቹ ቬስፓዎች ከመቶ 5 እጅ ዘይት ይፈልጉ ነበር፤ ለቪ ቢ ቢው ግን ከመቶ 2 እጅ፥ ማለት ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሲሲ ይበቃዋል። በዐይን እየለኩ መጨመር ወይ ካንዴላውን ያጨቀያል፥ ወይ ፒስተኑን ያነክሰዋል። ለዘመናት የቆመ ሞተር ከሆነ ደግሞ ፓራዮሊዎቹ ደርቀው ይሆናልና አስቀድመው ይለወጡ።

አሁን የምለው ለግለሰብ ሳይሆን በየመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ላሉ ባልደረቦቼ ነው። አገልግሎት የጨረሰ ሞተር ብስክሌት በጨረታ ሲወገድ ብዙ ጊዜ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተደባልቆ በጅምላ ሲሸጥ፥ ሊብሬው ደግሞ በፋይል ውስጥ ሲቀር አይቻለሁ። የገዛው ሰው ሊያድሰው ቢፈልግ እንኳ ወረቀት የለውምና ታርጋ አያገኝም፤ ስለዚህ ፈታትቶ ይሸጠዋል። ቍጥሩ በጨረታው ዝርዝር ላይ ተጽፎ፥ ሊብሬውም ከርክክቡ ሰነድ ጋር ተያይዞ ለገዢው ቢሰጥ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስከትለው ወጪ የለም። መንግሥትም ከብረት ዋጋ የተሻለ ዋጋ ሊያገኝበት ይችላል። ይህን በመመሪያ ለማድረግ የሚቻል ከሆነ የሚመለከታቸው ቢያስቡበት መልካም ነው።

የእህቴ ልጅ በበኩሉ ኋላውን መቍረጡን ትቶታል። በመጪው ቅዳሜ የእግር መርገጫውን ለማስበየድ ተስማምተናል፤ ስለ ቀለሙ ግን ከባለቤቴ ጋር እንዲነጋገር ለእርሱ ትቼለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢ
ከአዳማ