ቀስተኛው የት ይቁም?

በግቢያችን አንድ አስተሳሰብ እየተስፋፋ መሄዱን ስለ ተመለከትን ይህን ጥቂት ቃል ለመጻፍ ተነሣሥተናል። አስተሳሰቡም እንዲህ የሚል ነው። በኦንላይን ጨዋታ ቀስት ወይም የአስማት በትር ይዞ ከሩቅ የሚመታ ተጫዋች ሥራው ቀላል ነው፤ ከኋላ ቆሞ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጀማሪው፣ ሰነፉ፣ ኢንተርኔቱ የሚጎተትበትም ሁሉ ወደዚያ ይመደብ፤ ከእነርሱም መካከል ትልቁን ቁጥር ያስመዘገበ ጎበዝ ይባል። እኛ ግን ይህ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የተሳሳተ ነው እንላለን።

«የጨዋታ ነገር ምን ያከራክራል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለእርሱ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቂሊንጦ ታክሲ ይዞ ሳሪስ አቦ ድረስ የሚመጣ ተማሪ፣ ከምሳው ቀንሶ የከፈለባት አንዲት ሰዓት በአንድ ጓደኛው ግዴለሽነት ስትቃጠልበት ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። አምስት ሆነው የገቡበት ዋሻ በአንዱ ጥፋት ሲዘጋ የአምስቱም ሰዓት ነው የሚዘጋው። በሳሪስ አቦ ጌም ቤቶች ነጋሢው የኳስ ጨዋታ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የእኛ ወገን ጥቂት ነው፤ ወይ ከኮምፒዩተሩ ጥግ፣ ወይ በየስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይገኛል። ጥቂት ስለሆንም እርስ በርሳችን መተዛዘን ይገባናል። (ለአዲሶች አንድ ምክር፤ ወር በገባ በ5 ቀጠሮ አትያዙ። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ምእመን መንገዱን ሲሞላው አራታችሁ ደርሳችሁ አምስተኛው ታክሲ ውስጥ ይቀራል።)

ለማያውቁት ነገሩን በአጭሩ እንግለጽ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው በዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የምናውቀው፣ በሌሎችም ብዙ ጨዋታዎች የሚሠራበት የሥራ ክፍፍል ሦስት ወገን አለው። ታንክ የሚባለው ጋሻውን ይዞ የጠላትን ቁጣ በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ሂለር የሚባለው የቆሰለውን ያክማል፤ የቀሩት ይመታሉ። ከሚመቱትም አንዳንዱ ሰይፍ ይዞ ከጠላት እግር ሥር ይገባል፤ ሌላው ከሩቅ ቆሞ ይመታል። ክርክራችን ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው።

በመጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እንይ። ማን ምን ያህል እንደ መታ የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ ብዙዎች ወንድሞቻችን ከጠላት ይልቅ ዓይናቸው እርሱ ላይ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ቦስ የሚባለውን አውራ ጠላት ለመጣል 6 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በደቂቃ 100 የሚመታው ጀግና በ3ኛው ደቂቃ ከእሳት ላይ ቆሞ ቢሞት ያዋጣው 300 ነው። በደቂቃ 90 ብቻ የሚመታው፣ ነገር ግን እሳቱን ሲያይ እግሩን የሚያነሣው፣ እስከ መጨረሻው ቆይቶ 540 ያዋጣል። የሞተው ሰው ግን እስከ 3ኛው ደቂቃ ድረስ ከሰሌዳው ላይ አንደኛ ነበርና፣ ወደ ግቢ ሲመለስ የሚያወራው ያንኑ ነው። የሚያዳምጡትም አሉ!

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሚሞተው ብቻውን አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ክላሲክ ተብሎ እንደገና በወጣው በጥንቱ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት፣ ጠላት ፊቱን ከታንኩ ላይ የሚያነሣበት ልክ የታወቀ ነው። ከቅርብ የሚመታው ተጫዋች ያስነሣው ቁጣ ከታንኩ 110 በመቶ ሲያልፍ ጠላቱ ይዞርበታል፤ ከሩቅ ያለው ግን እስከ 130 በመቶ ይታገሡታል። ይህ ትርፍ ለቀስተኛው የተሰጠ ብድር መሆኑን የሚገነዘበው ጥቂት ነው። ታንኩ ገና ጋሻውን ሳያስተካክል ያለ የሌለ ኃይሉን የሚያወርድ ቀስተኛ ብድሩን በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ከዚያም ቦሱ ሜዳውን አቋርጦ ይመጣል። ከቀስተኛው አጠገብ የቆመው ማን ነው? ሂለሩ! ሂለሩ ከወደቀ በኋላ የሚሆነውን መተረክ አያስፈልግም። ለአዳኙ ቀስተኛ «ሞቶ መምሰል» የሚባል ዘዴ ተሰጥቶታል፤ ከመሬት ላይ ሲዘረር ጠላት ቁጣውን ይረሳለታል። ዘዴውን ቁጣው ሳይሞላ የሚጠቀምበትን ሰው ማየት ደስ ያሰኛል። አብዛኛው ግን የሚያስታውሰው የእውነቱን ከሞተ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ጉግስ ያየ ሰው ያውቀዋል። አሳዳጁ ፈረሰኛ ዘንጉን ቀድሞ ከወረወረው ከመሬት ይወድቅበታል፤ ከዘገየ ደግሞ ሸሺው በጋሻው ይመክተዋል። አዋቂ ተመልካች የሚያደንቀው ክንዱን ሳይሆን ፈረሱን ነው፤ ርቀቱን የሚያመጣለት ፈረሱ ነውና። ማሽላ ጥበቃ ከማማ ላይ የዋለ የገጠር ልጅም ቢጠየቅ ይህንኑ ይነግረናል። ወንጭፉን ያለ መጠን የሚያጮኸው ልጅ ጠጠሩን ጨርሶ ከማማው ሲወርድ ወፉ ከማሳው ላይ ይሰፍራል።

ስለ እግር ካነሣን አይቀር ጥቂት እንቆይበት፤ ጥሩውና መናኛው ቀስተኛ የሚለዩት እዚህ ላይ ነውና። በክላሲክ የአዳኙ ቀስት የሚሠራው ከ8 ያርድ እስከ 35 ያርድ ባለው ርቀት ነው፤ የእጅ መሣሪያው የሚሠራው ደግሞ እስከ 5 ያርድ ነው። በመካከሉ ያለችው ጠባብ ምድር በቀስትም በሰይፍም የማይመታባት ናት። ሰው ከሰው ጋር ሲዋጋ አዋቂ ባላጋራ የሚፈልጋት እርሷን ነው፤ ገብቶ ይቆምባታል፤ ቀስተኛውም ቁልፉን ቢደበድብ ምንም አይወጣውም። መድኃኒቱ ባላጋራው ሳይደርስ ማዘግየት፣ ከደረሰም ጀርባ ሰጥቶ ከመሮጥ ይልቅ ወደ ጎን እየዞሩ ርቀቱን መልሶ መግዛት ነው።

አስማተኛው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ድግምቱን ጀምሮ አንድ እርምጃ ከተራመደ ድግምቱ ይቋረጣል፤ የበረዶ ፍላጻው በመሠረቱ 3 ሴኮንድ ቆሞ መደገም የሚፈልግ ነው። ስለዚህ ብልኁ አስማተኛ የሚንቀሳቀሰው በድግምትና በድግምት መካከል ነው፤ መሮጥ ግድ ሲሆንበትም እየሮጠ የሚተኩሳቸውን ፈጣን ድግምቶች ለዚያ ጊዜ ቆጥቦ ያቆያል። ሰነፉ እነርሱን በመጀመሪያው ደቂቃ ያወጣቸዋል፤ እሳቱ ሲመጣ ወይ ባዶ እጁን ይሮጣል፤ ወይም «ይህችን ልጨርስ» ብሎ ቆሞ ይቃጠላል። «ይህችን ልጨርስ» ያለውን ሰው ስንቴ ቀብረነዋል!

አሁን ወደ መስመሩ ነገር እንለፍ፤ በዚህ ላይ የጓደኞቻችን ክርክር ጥቂት እውነት አለበት። ለተማሪ ኪስ የሚቀርበው አልቢዮን ኦንላይን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ ከ2021 ወዲህም በስልክ ይሠራል። በ2024 የተከፈተው የአውሮፓ ሰርቨሩ አምስተርዳም ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚያ በአየር ቢለካ 5700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳልና፣ ለደርሶ መልስ ከ57 ሺኛ ሴኮንድ በታች ሊሆን በተፈጥሮ ሕግ አይቻልም። አገራችን ባሕር የላትምና መስመሩ በጎረቤት አገር ወጥቶ በባሕር ሥር ይዞራል፤ በየጣቢያውም ይቆያል፤ ስለዚህ በተግባር የዚህ እጥፍና ከእጥፍም በላይ ቢሆን ሊያስደንቀን አይገባም። በሌላ አነጋገር፣ ከሳሪስ አቦ ሆነን በመስኮቱ የምናየው ጠላት ትንሽ ቀደም ብሎ የነበረውን ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አገሩ በሙሉ ኢንተርኔት አጥቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ ደግሞ ጠላቱንም ሰርቨሩንም አላየንም፤ የዚያን ጊዜ ከሩቅና ከቅርብ መቺው ልዩነት አልነበራቸውም።

«እንግዲያስ መስመሩ የሚዘገይበት ሰው ከሩቅ ይቁም» የሚሉት ወንድሞች እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። ከጠላት እግር ሥር ያለው ሰው በቅጽበት መልስ መስጠት አለበት፤ የራቀው ግን የሚመጣውን ለማየት ፋታ ያገኛል። ስሕተቱ የሚጀምረው ፋታውን እንደ ዕረፍት መቁጠር ላይ ነው። መስመሩ የሚዘገይበት ቀስተኛ ከሌላው ይልቅ ቀድሞ ማሰብ ግዴታው ነው። የእሳቱ ክብ መሬት ላይ መሳል ሲጀምር ይነሣል እንጂ እስኪሞላ አይጠብቅም። ከርቀቱ ጠርዝ ላይ አይቆምም፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጠላቱ ፈቀቅ ሲል ከቀስቱ እንዳያመልጥ። በዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በአንድ ትእዛዝና በሚቀጥለው መካከል እንደ ልማዱ 1.5 ሴኮንድ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ጨዋታው የሚቀጥለውን ትእዛዝ ከ400 ሺኛ ሴኮንድ አስቀድሞ ተቀብሎ ያቆይለታል። ይህን የማያውቅ ሰው እያንዳንዱ ትእዛዝ እስኪያልቅ ጠብቆ ይጫናል፤ በየጊዜውም የመስመሩን መዘግየት ከራሱ ሒሳብ ላይ ይከፍላል። የሚያውቀው ግን ቀደም ብሎ ይጫናል፤ በመዘግየት ረገድ ለንደን ካለው ሰው ብዙም አያንስም። ስለ መስመሩ ከሚያማርሩት መካከል ይህን የሞከረ ስንት ነው?

በአልቢዮን ነገሩ ይጠብቃል። በቀይና በጥቁር ቀበሌዎቹ የሞተ ተጫዋች የለበሰውን ሁሉ ያጣል፤ የተሰበረው ተሰብሮ የቀረውን ገዳዩ ይወስደዋል። የወር ልፋት በአንድ ማምሻ ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ የሰው ችሎታ የሚወሰነው በለበሰው ዕቃ ነው፤ የመሸሻና የመሮጫ ዘዴዎቹ የሚመጡትም ከጫማው ነው። ይሁን እንጂ ጓደኞቻችን ያላቸውን ብር ሁሉ በቀስቱ ላይ አፍስሰው በመናኛ ጫማ ሲወጡ እናያለን። እኛ የምንለው ከቀስቱ በፊት ጫማው ይገዛ ነው። ርካሽ ቀስት የያዘና ማምለጥ የሚችል ቀስተኛ ነገም ይመለሳል፤ ውድ ቀስት ይዞ የተያዘው ለባላጋራው ስጦታ አምጥቶለታል።

ከሰሌዳው ላይ የማይወጣ ሥራም አለ። በክላሲክ 40 ሰው በሚገባበት በሞልተን ኮር ማግማዳር የሚባል ባለ ሁለት ራስ ውሻ አለ። ይህ አውሬ በየጊዜው ያብዳል፤ ካበደ ታንኩ አይችለውም፤ እብደቱን የሚያበርደውም የአዳኞች የማረጋጊያ ፍላጻ ብቻ ነው። ፍላጻው አንድ ጊዜ ከተተኮሰ 20 ሴኮንድ ካላለፈ አይደገምም፤ ስለዚህ አዳኞቹ ተራ ገብተው፣ አንዱ ቢስት ሁለተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃሉ። ፍላጻው ጠላቱን ቅንጣት አያቆስለውም፤ በሰሌዳውም ላይ ዜሮ ነው። አርባ ሰው ቆሞ የሚወጣው ግን በእርሱ ነው። ተራውን ትቶ ቁጥሩን ሲያሳድድ የነበረ አዳኝ አርባውን ሰው ከገደለ በኋላ «እኔ አንደኛ ነኝ» ቢል ምን ይመለስለታል?

እዚህ ላይ ሳናነሣው ልናልፍ የማንወድደው አንድ ነገር አለ። እኅቶቻችን ከቡድን ሲገቡ ሳይጠየቁ ቀስት ይሰጣቸዋል፤ «ከኋላ ሁኚ፣ አትቸገሪ» ይባላሉ። በዚህ ንግግር ውስጥ ሁለት ንቀት አለ፤ አንዱ ለሴቷ፣ ሁለተኛው ለሥራው። ጋሻውን መያዝ የምትፈልግ ጋሻውን ትያዝ። ቀስቱን የመረጠችውም ስለሚቀል መረጠችው አይባል፤ በሥራው ትመዘን። ታንክ ሆኖ የመምራት መብት በወንድ ልጅ የተወሰነበት መጽሐፍ ያለ አይመስለንም፤ ካለም ይታየን።

ስለዚህ ፈተናው አልፎ ቡድኖች እንደገና በሚሰናዱበት ጊዜ ለሚያሰናዱት ጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ቀስተኛ ለመሆን የቀረበውን ሰው በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ተዘግቶ ወደ ዋሻው አስገቡት። ከታንኩ በፊት ተኩሶ እንደሆነ፣ ሂለሩ እርሱን ለማትረፍ ስንት ጊዜ እንደ ደከመ፣ እሳት ሲመጣ ወደ የት እንደ ተንቀሳቀሰ፣ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነም አስቀድሞ ተናግሮ እንደሆነ ከመካከላችሁ አንዱ ይመልከት። ሂለሩም ይጠየቅ፤ ከሩቅ መቺውን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። ሰሌዳው ከዚያ በኋላ ይከፈት፤ ቁጥሩም ይታይ። ሂለሩ «አይሆንም» ያለውን ሰው ግን ቁጥሩ ስንትም ቢሆን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አትጥሩት።