ስፖርትና የልጆች ጥርስ

የእግር ኳስ ሕግ ማንኛውም ተጫዋች ያለ ቅልጥም መከላከያ ወደ ውድድር ሜዳ እንዳይገባ ይደነግጋል። የሕጉ ተገቢነት አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ የቅልጥም አጥንት ቢሰበር በሐኪም ታስሮ በወራት ውስጥ ይጠግናል። ጥርስ ግን አንድ ጊዜ ከተሰበረ ወይም ከወለቀ እንደ አጥንት ራሱን አይጠግንም፤ እንደ ጥፍርም ተመልሶ አይበቅልም። እንግዲህ ለሚጠግነው አካል መከላከያ ሲታዘዝለት፣ የማይጠግነው ያለ አንዳች ጋሻ መተዉ ተገቢ ነውን?

የወተት ጥርስ ከስድስት ዓመት ገደማ ጀምሮ መውለቅ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ልጁም ሆነ ወላጁ አይጨነቁም፤ ምትኩ ከሥር በመምጣት ላይ ነውና። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ዓመት ባለው ዕድሜ ይተካሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ተተኪ የለም። አዲሱ ጥርስ ድድን ጥሶ ከወጣም በኋላ ሥሩ ተሟልቶ እስኪያልቅ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ልጆች መሯሯጥና መጋፋት በሚያዘወትሩበት ዕድሜ፣ ቀሪ ሕይወታቸውን ሁሉ የሚያገለግላቸው ጥርስ ገና ሥር በመስደድ ላይ ይገኛል። በክርን፣ በኳስ ወይም በወደቁበት መሬት አስቀድመው የሚመቱትም እነዚሁ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ናቸው። በተለይ ጥርሱ ወደ ፊት ወጣ ያለና ከንፈሩ በሚገባ የማይሸፍንለት ልጅ ከሌሎቹ የበለጠ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

የፊት ጥርስ ማጣት የመልክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። እሸት በቆሎ ለመጋጥ፣ ሸንኮራ አገዳ ለመላጥ የሚያገለግለው የፊት ጥርስ ነው። «ፈ» የተባለውን ድምፅ ለማውጣት የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር መንካት ይኖርበታል፤ ያ ከሌለ ንግግር ይበላሻል። ንግግሩ የተበላሸበት ተማሪ ደግሞ በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ መመለስን፣ ከጓደኞቹ ጋር መሳቅንም እየተወ ይሄዳል። በአጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስገባት የመንጋጋ እድገት እስኪያበቃ መጠበቅ ግድ ስለሆነ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ለብዙ ዓመታት በሚወልቅና በሚገባ ጥርስ መኖር ይገደዳል። በየጊዜው የሚጠይቀው ወጪም ቀላል አይደለም። በየማለዳው በመፋቂያ ተፍቆ ለዓመታት የተጠበቀ ጥርስ በአንድ ክርን ምት መጥፋቱ በእርግጥ ያሳዝናል።

የጥርስ መከላከያ የሚባለው የላይኛውን የጥርስ ረድፍ የሚሸፍን፣ ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ቀላል ነገር ነው። ምቱን ተቀብሎ ያበርዳል፤ ከንፈርና ምላስም በጥርስ እንዳይቆረጡ ያግዳል። ጭንቅላትን ከመናወጥ ፈጽሞ ያድናል ብሎ መናገር ግን ከልክ ያለፈ ምስጋና ነው። ጅማሬው ከቦክስ ጋር የተያያዘ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ውልፍ ክራውስ የተባለ የለንደን የጥርስ ሐኪም ጉታፐርቻ ከተባለ የዛፍ ሙጫ ለቦክሰኞች መከላከያ ይሠራ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ከ1962 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወቱ ተማሪዎች ይህን መሣሪያ እንዲያደርጉ ታዘዘ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ከኒውዚላንድ የተገኘው ነው። በዚያ አገር ተወዳጅ የሆነው ራግቢ ተጫዋቾች ኳስ በእጃቸው ይዘው የሚሮጡበት፣ ተያይዘውም የሚወዳደቁበት ጨዋታ ነው። በ1997 ከ19 ዓመት በታች ለሆኑት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በየደረጃው ላሉት ሁሉ የጥርስ መከላከያ ግዴታ ሆነ። ከ1995 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት በራግቢ ምክንያት ለደረሰ የጥርስ ጉዳት ለአገሪቱ የአደጋ ካሳ ድርጅት የሚቀርበው ጥያቄ በ43 በመቶ ቀነሰ።

መከላከያውን የሚቃወሙ አይጠፉም። ልጆች «ፈሪ ያሰኛል» ይላሉ። ይህ አባባል ከቦክሰኛ የበለጠ ደፋር ነኝ እንደ ማለት ነው፤ በውድድር ላይ ያለ ቦክሰኛ ግን ያለ ጥርስ መከላከያ አይጋጠምም። ትንፋሽ ያሳጥራል፣ መናገርም ይከለክላል የሚለው አቤቱታ ግን በከፊል እውነትነት አለው። ከጥርስ ቅርጽ ጋር ያልተስማማ መከላከያ ስለሚላቀቅ ልጁ ነክሶ ሊይዘው ይገደዳል፤ ሲሰለቸውም ተፍቶት ይጫወታል። በሞቀ ውሃ ለስልሶ፣ በአፍ ውስጥ ተነክሶ የጥርስን ቅርጽ የሚይዘው ዓይነት በመጠኑ ይሻላል። የጥርስ ሐኪም ለክቶ የሚሠራው ከሁሉ ይስማማል፤ ዋጋው ግን ከብዙ ወላጆች አቅም በላይ ነው። ጥርሱ በመቀያየር ላይ ያለ ልጅም በየጊዜው አዲስ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ሁሉንም ልጅ በአንድ ቀን ማስገደድ አይቻልም። መጀመር የሚገባው ፊት መመታት በሚዘወተርባቸው ጨዋታዎች ነው። በቦክስና በቴኳንዶ የውድድር ደንቡ ራሱ ያዛል፤ ጉድለቱ የሚታየው በልምምድ ጊዜ ነው። ጥርስ ግን የልምምድን ምት ከውድድር ምት ለይቶ አያውቅም። ቅርጫት ኳስና እጅ ኳስም ክርን የሚበዛባቸው ናቸው። በኢትዮጵያ የሚዘወተረው የገና ጨዋታ ደግሞ ዱላ የሚወነጨፍበት፣ ጠንካራ ሩር በአየር ላይ የሚበርበት ነው። በገና ዕለት የተመታ ሰው ቂም እንዳይዝ ልማዱ ያዛል፤ መልካም ልማድ ነው፤ የወለቀውን ጥርስ ግን አይመልስም። ለእግር ኳስ ተጫዋቾች፣ ይልቁንም ለበረኞች፣ መከላከያው ቢገኝ መልካም ነው። ገንዘብ በሌለበት ትምህርት ቤት ግን አስቀድሞ የሜዳውን ድንጋይ መልቀም ይቀድማል፤ ይህ ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ኳስና መረብ ለመግዛት መዋጮ የሚሰበስብ የስፖርት ኮሚቴ ግን ከዚያው ላይ ለጥርስ መከላከያ ጥቂት ቢመድብ እንደ ቅንጦት ሊቆጠርበት አይገባም።

ይህ ሁሉ እስኪሟላ እያንዳንዱ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ የወለቀን ጥርስ እንዴት እንደሚያድን ማወቅ ይኖርበታል። ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ቢወልቅ ወዲያው ተፈልጎ ከነጩ ክፍል ይያዛል፤ ሥሩ አይነካም፣ አይፋቅም። አፈር ከነካው በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለጥቂት ሴኮንዶች ይለቀለቃል። ልጁ ራሱን የሚያውቅ ከሆነ ጥርሱ ወደ ቦታው ተመልሶ ንጹሕ ጨርቅ እንዲነክስበት ይደረጋል። ይህ ካልተቻለ በወተት ውስጥ ተደርጎ፣ ልጁ ሰዓት ሳይሞላ ከጥርስ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። በኪስ ወይም በወረቀት ውስጥ ሲደርቅ የቆየ ጥርስ የመዳን ተስፋው የመነመነ ነው። የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ ግን ከሥሩ ያለውን ተተኪ እንዳይጎዳ ወደ ቦታው አይመለስም።