ያሳመርን መስሎን

አባቴ ባረፈ በዓመቱ፣ ተዝካሩ ሲቃረብ፣ እናቴን ላስደስት ብዬ አንድ ነገር አደረግኩ።

ቁምሳጥኗ ውስጥ በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ የምታስቀምጠው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። ከሠርጋቸው በሳምንቱ ፎቶ ቤት ሄደው የተነሱት ነው። እሱ ሱፉን ለብሶ ቆሟል፤ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋለች። በሠርጉ ዕለት ፎቶ አንሺ ስላልነበረ ሁለቱ በወጣትነታቸው አብረው የሚታዩበት ሌላ ፎቶ የለንም። አንድ ጥጉ ተቀዷል፤ መሃሉ ላይም የመታጠፍ ምልክት አለው። «ይህስ ከዚህ በላይ ሳይበላሽ» አልኩና ከቢሮዬ አጠገብ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት አስደረግኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ ትጉህ ነበር፤ የተቀደደው ጥግ እንዳይታይ ዳር ዳሩን በመቁረጫ አስተካክሎ፣ የሚያብረቀርቅ አድርጎ ሰጠኝ።

እናቴ ተቀበለችኝ። ፊቱን አየችው፤ ገልብጣ ጀርባውን አየችው፤ እንደገና ፊቱን አየችው።

«ቀኑስ?» አለችኝ።

ፎቶው ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ነበረው። ከታች፣ ነጩ ላይ፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና የተነሱበት ቀን ነበሩ። ያ ጠርዝ ተቆርጦ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ቅርጫት ውስጥ ቀርቷል።

«ምንም አይደለም ልጄ፤ አምሯል» አለችኝ። እናት እንዲህ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከላስቲኩ ሥር ደመና የመሰለ ነገር መታየት ጀመረ። ላስቲኩን ልላጠው እያሰብኩ ሳለ፣ የቅርስ ጥገና ሙያ ለሚያውቅ አንድ ወዳጄ አሳየሁት። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አዘንብሎ አየውና «እንዳትነኪው» አለኝ። «የላሚኔት ማሽን ላስቲኩ ላይ ያለውን ሙጫ የሚያቀልጠው ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። ሙጫው አሁን ከምስሉ ጋር አንድ ሆኗል። ብትልጪው ተልጦ የሚመጣው ፊታቸው ነው።»

ከዚያ ቀጥሎ የነገረኝ ነገር በቤቴ ያሉትን አሮጌ ዕቃዎች ሁሉ የማይበትን ዓይን ለወጠው። በሙዚየም የሚሠሩ ሰዎች አንድን ዕቃ ከመንካታቸው በፊት ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች አንዱ «እንዴት ይመር?» ሳይሆን «የማደርገውን ነገ ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል?» የሚል ነው። ሙጫው ተመልሶ ይለቃል? ስፌቱ ሳይቀደድ ይፈታል? መልሱ «አይ» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እጃቸውን ይሰበስባሉ።

የወርቁ ጭንብል ጢም

ይህን ጥያቄ መዝለል ምን እንደሚያስከትል ዓለም ያየው በግብፅ ነው። የንጉሥ ቱታንክሃሙን የወርቅ ጭንብል ከ3,300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ክብደቱም 10 ኪሎ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ካይሮ በሚገኘው ሙዚየም ውስጥ ጢሙ ከአገጩ ተለየ። በችኮላም በኢፖክሲ ተለጠፈ። ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚደርቁበት፣ ብረትና ድንጋይ የሚያጣብቅ ኃይለኛ ሙጫ ነው። ሥራው ላይ ላዩን ያለቀ ይመስል ነበር። በጥር 2015 ግን አገጩና ጢሙ መካከል ደርቆ የቀረው ሙጫ በፎቶግራፍ ታይቶ ወሬው በየአገሩ ተሰማ።

ጥገናውን የመራው ክርስቲያን ኤክማን የተባለ ጀርመናዊ ባለሙያ ነበር። ቡድኑ ወርቁ እንዳይጫር በእንጨት መሣሪያ እየተጠቀመ፣ ሙጫውን ጥቂት በጥቂት አነሳው። ጢሙን መልሰው ያያያዙት በምን እንደሆነ ስሰማ ፈገግ አልኩ፤ በሰም ነው። በንብ ሰም! የጥንት ግብፃውያን ራሳቸው የሚያውቁት ነገር ነው። ሰም ይይዛል፤ ማንሳት ሲያስፈልግ ደግሞ በመጠነኛ ሙቀት ይለሰልሳል። ጭንብሉ በታኅሣሥ 2015 ለሕዝብ እይታ ተመለሰ።

የሙት ባሕር ጥቅልሎች ታሪክም ከእኔ ላሚኔት ጋር ዘመድ ነው። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉ ዋሻዎች የተገኙት እነዚህ ጥንታዊ ጽሑፎች በአብዛኛው ብራና ላይ የተጻፉ ናቸው። በ1950ዎቹ ኢየሩሳሌም ውስጥ ቁርጥራጮቹን የሚያገጣጥሙት ምሁራን በዚያን ጊዜ ዘመናዊ በነበረው ግልጽ ፕላስተር አያያዟቸው። ታላላቅ ሊቃውንት ነበሩ፤ ያሰቡትም በጎ ነው። ሆኖም የፕላስተሩ ሙጫ ሲያረጅ ብራናው ውስጥ እየሰረገ አጠቆረው። ከ1991 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ላቦራቶሪ ያንን ፕላስተር በማንሳት ላይ ተጠምዷል። በደቂቃ የተለጠፈውን ለማንሳት አሥርተ ዓመታት ማለት ነው።

ታዲያ በምን ይለጠፍ?

የተቀደደ ወረቀት የሚጠግኑ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ነገር ከወጥ ቤታችን ብዙም አይርቅም። ከስንዴ ስታርች የተሠራ ለስላሳ ሙጫና ከእንጨት ቅርፊት ጭረት የሚሠራ ስስ የጃፓን ወረቀት ነው። ይህ ሙጫ ከዓመታት በኋላም ቢሆን በትንሽ እርጥበት ይለሰልሳል። ሸክላና መስታወት ሲሰበር ደግሞ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ አላቸው። የእሱም ትልቁ ባሕርይ በአሴቶን መሟሟቱ ነው፤ አዎ፣ ያው የጥፍር ቀለም የምናስለቅቅበት አሴቶን። ዛሬ የተጣበቀው ነገ ያለ ጉዳት ይለቃል።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ቤታችሁን ላቦራቶሪ እንድታደርጉት አይደለም። ከሙዚየሞቹ ልንወስድ የምንችለው ከሙጫቸው ይልቅ ትዕግሥታቸውን ነው። በየቤታችን ካሉት ነገሮች አራቱን እንያቸው።

ፎቶግራፍ

ላሚኔት አታስደርጉ፤ ፕላስተር አትለጥፉ፤ ጠርዙን አትቁረጡ። ገጹ ሙጫ ያለውና ላስቲኩ ከላይ የሚከደንበት አልበምም ፎቶውን ይዞ ይቀራል። መጀመሪያ ፊቱንም ጀርባውንም በስልካችሁ አንሱት። ከዚያ ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ለብቻው አድርጋችሁ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ሳሎን መስቀል ከፈለጋችሁ ቅጂ አሳትማችሁ ስቀሉ። የእኛው ብሔራዊ ሙዚየም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ እውነተኛ አጥንቷ በጥንቃቄ ተቀምጦ፣ ጎብኚ የሚያየው ቅጂዋን ነው። ለ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጥንት የተገባው ጥንቃቄ ለአንድ የወላጆች ፎቶም አይበዛበትም።

ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ወይም ሥዕል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይደበዝዛል፤ የደበዘዘው አይመለስም። ሙዚየሞች ጨርቅና ወረቀት የሚያሳዩባቸው ክፍሎች ድንግዝግዝ ያሉት የመብራት ወጪ ለመቆጠብ አይደለም። ለእነዚህ ዕቃዎች የተለመደው የብርሃን ልክ 50 ሉክስ ብቻ ስለሆነ ነው።

የብር ጌጥና መስቀል

የአያት የአንገት መስቀል ሲጠቁር አመድና ሎሚ ይዘን እንነሳለን። ጥቁሩ ቆሻሻ አይደለም፤ አየር ውስጥ ያለ ድኝ ከብሩ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ስስ ሽፋን ነው። አጥብቀን ስንፈትገው የሚነሳው ጥቁሩ ብቻ ሳይሆን ብሩም ጭምር ነው። በየበዓሉ የሚፈተግ መስቀል ከዓመታት በኋላ ሐረጉ ይጠፋል። ከድሮ ጌጦቻችን ብዙዎቹ የማሪያ ቴሬዛ ብር ቀልጦ የተሠሩ ናቸው፤ አንጥረኛው በእጁ የቀረጸውን መስመር ማንም አይመልሰውም። በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በቀስታ አብሱት። ስታስቀምጡትም በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሚዘጋ ከረጢት ውስጥ አድርጉት። በጎማ ላስቲክ አትሰሩት፤ ጎማ ውስጥ ያለው ድኝ ብሩን ያጠቁረዋል።

በርኖስና የሐበሻ ቀሚስ

ብል የሚወደው ሱፍ፣ ሐርና ቆዳ ነው። የአያት በርኖስ ተበልቶ አጠገቡ የነበረው ነጠላ ደህና ሆኖ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ጥጥ የሚጎዳው በአብዛኛው ወጥ ወይም ላብ ሲኖርበት ነው፤ ስለዚህ ቀሚሱን ሳታጥቡ አታስቀምጡ። እንደ ከረሜላ የሚመስሉት የናፍታሊን ፍሬዎች ለጤና ጥሩ አይደሉም፤ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ አደገኛ ናቸው።

ሙዚየሞች ነፍሳትን ከሚገድሉባቸው መንገዶች አንዱ ቅዝቃዜ ነው፤ ይህን ደግሞ ፍሪዘር ያለው ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። ደረቁን በርኖስ በላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ ዝጉት፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። መብራት እየተቆራረጠ ፍሪዘሩ የሚሞቅ ከሆነ ግን አይሠራም። ስታወጡት ከረጢቱን ወዲያው አትክፈቱ፤ ጠል እንዳይይዘው አንድ ሙሉ ቀን ውጭ ይቆይ። ቀለም የተቀባ ወይም ጌጥ የተሰፋበት ልብስ ከሆነ ግን ባለሙያ ሳትጠይቁ አትሞክሩት። ቀሚሱን ስታጥፉ እጥፋቱ መሃል ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስገቡ፤ በየጊዜውም የሚታጠፍበትን ቦታ ለውጡ። ጥበቡ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው እጥፋቱ ላይ ነው።

የብራና ዳዊት

ብራና ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። የተጨማደደውን ቅጠል በካውያ ላቃና ማለት ቆዳ መጥበስ ነው። ፀሐይ ላይም አታስጡት። ማኅደር ካለው ማኅደሩ ውስጥ ይቀመጥ፤ አባቶች ማኅደር የሠሩለት በከንቱ አይደለም። ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ አርቁት፤ ስትገልጡት እጃችሁ የታጠበና የደረቀ ይሁን። ስፌቱ ከተፈታ ወይም ሻጋታ ካያችሁበት፣ ብራና የሚጠብቁ ተቋማት ባለሙያዎችን ጠይቁ እንጂ መርፌ አታንሱ።

የማይጠገነው

ከአራቱም ቀድሞ የሚጠፋ አምስተኛ ነገር አለ፤ እሱም ታሪካቸው ነው። ሙዚየም ውስጥ አንድ ዕቃ ሲገባ ከማንም በፊት የሚነካው እስክሪብቶ ወይም እርሳስ የያዘ ሰው ነው፤ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የማን እንደነበረ ይመዘግባል። የእኛ ቤት አልበሞች ውስጥ ግን «ይቺ ማን ናት?» ተብሎ መልስ የሚጠፋላቸው ፊቶች ሞልተዋል። የሚያውቁት ሰዎች ሳሎናችን ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ነው፤ እኛ አልጠየቅናቸውም።

ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የብስኩት ቆርቆሮውን አውርጄ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ በስልክ ቀረጽኳቸው፤ እያንዳንዱንም ፖስታ ውስጥ ከመክተቴ በፊት የነገረችኝን በእርሳስ ፖስታው ላይ ጻፍኩ። ላሚኔት የሆነው ላይ ስንደርስ እጄ ከበደኝ።

«እማዬ፣ ቀኑ ምን ነበር?»

ብዙ አሰበች። «ጥር ነው። ቀኑ ጠፋብኝ። እሱ ነበር ቀን የሚይዘው» አለችና ትንሽ ቆይታ ሳቀች። «ጫማው የወንድሙ ነበር፤ ጠቦት ቆሞ መታገሥ አልቻለም። ፎቶ አንሺው ‹አትንቀሳቀስ› ሲለው ነው የሳቅኩት፤ አየሽ አፌን የዘጋሁት ለዚያ ነው።»

ስንት ዓመት ያየሁት ፎቶ ነው። እናቴ ሳቋን እየዋጠች እንደነበር አላውቅም ነበር።

ቀኑን አላገኘነውም፤ ከእንግዲህም የምናገኘው አይመስለኝም። ፖስታው ላይ «ጥር፣ ከሠርጉ በሳምንቱ። ጫማው የወንድሙ» ብዬ ጻፍኩ። ላስቲኩንም አልነካሁትም።