«ኢንስታንት ይሻላል» የምንለው ለማን ነው?

ከናይሮቢ በሞያሌ በኩል ዕቃ የምናመላልስ ነጋዴዎች አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛ «ለቤቴ ቦይለር ላስገባ ወይስ ታንክ የሌለውን ኢንስታንት ሻወር?» ብሎ ሲጠይቀን አብዛኞቻችን ሳናስብ «ኢንስታንት ይሻላል፣ የቦይለር ጊዜ አልፏል» እንላለን። እኔም ለዓመታት ብያለሁ። ዛሬ ግን ይህ ምክር ለጭነታችን እንጂ ለደንበኛው የሚመች አይደለም እላለሁ።

ሒሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ባለ 50 ሊትር ቦይለር በሚይዘው ቦታ ኢንስታንቱ በደርዘን ይገባል። ክብደት የለውም፣ ዋጋውም ዝቅ ስላለ ቶሎ ይሸጣል። ይህ ሁሉ የእኛ ትርፍ ነው። ገዢው ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሒሳብ ይጀምራል።

መጀመሪያ ውሃው። ለመታጠብ 40 ዲግሪ ገደማ ያስፈልጋል። ሞምባሳ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ራሱ ለብ ያለ ስለሆነ 10 ዲግሪ ያህል ቢጨመርለት ይበቃል። አዲስ አበባ ግን ጠዋት ውሃው 15 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ 25 ዲግሪ መጨመር አለበት። ባለ 5.5 ኪሎዋት ኢንስታንት ይህን ሲሠራ በደቂቃ የሚሰጠው 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ከፍ ካላለ ደግሞ ግፊቱ አንሶ ጭራሽ ላይበራ ይችላል። «ሞምባሳ ዘመዴ ቤት ግሩም ይሠራል» የሚለው ምስክርነት እውነት ነው፤ ለአዲስ አበባ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ቀጥሎ ሽቦው። 5.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ባለ 1.5 ኪሎዋት ቦይለር የሚስበው ግን 7 አምፔር ያህል ነው። በብዙ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ሽቦ ለሶኬት ተብሎ የተዘረጋ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። እናት ምጣድ ጥዳ ልጅ ሻወር ከገባ ከ40 አምፔር በላይ ሆነ ማለት ነው።

አንዲት ደንበኛዬ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። እኔው ነኝ ኢንስታንቱን የሸጥኩላት። ብሬከሩ በራሱ እየጠፋ ሲያስቸግራቸው ትልቅ ብሬከር አስገቡ፤ ሽቦውን ግን አልቀየሩም። ከሳምንታት በኋላ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ቀልጦ ቤቱ በጭስ ተሞላ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ገንዘቧን መለስኩላት። ስሸጥላት ግን ስለ ሽቦው አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኋትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

«ቦይለር ቆጣሪ ይበላል» የምትሉ አላችሁ። አንድ ባልዲ ውሃ ለማሞቅ የሚፈጀው ኃይል በሁለቱም ያው ነው። ቦይለር የሚያባክነው ቀንና ሌሊት በርቶ ሲውል ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ በ1.5 ኪሎዋት ሬዚስታንስ ይህ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ አብሩት፣ ስትጨርሱ አጥፉት። ያ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል ወደ 80 ሊትር ይደርሳል፤ ቆጥቦ ለሚታጠብ ሦስት አራት ሰው ይሆናል። መብራት ቢሄድ እንኳ የሞቀው ውሃ ታንኩ ውስጥ ይቆያችኋል። ኢንስታንት መብራት በሄደበት ደቂቃ ሳሙናችሁን እንደተቀባችሁ ይተዋችኋል።

ቦይለር እንከን የለውም አላልኩም። ቦታ ይይዛል፣ ውስጡ ዝቃጭ ይሠራል። ሴፍቲ ቫልቩ ሲያንጠባጥብ የሚደፍኑ ሰዎችም አሉ፤ ይህ ቦይለሩን ቦምብ ማድረግ ነው። ኢንስታንትም ቦታ አለው፦ ቆላ ከተማ ላለ፣ ብቻውን ለሚኖር፣ ከቆጣሪው ለብቻው የተሳበ ባለ 6 ሽቦና የሚመጥን ብሬከር ላለው ሰው ይሁን። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ከሆነ ግን ጠይቁ፤ ናይሮቢ ሱቆች ውስጥ ለጨዋማ ውሃና ለተራ ውሃ የሚሸጠው ሞዴል የተለያየ ነው። ኧርዝ የሌለው ቤት ደግሞ ሁለቱንም ማስገባት የለበትም።

ስለዚህ ከመሸጣችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ፦ ሽቦው ስንት ነው? ኧርዝ አለ? ሮቶው የት ነው የተቀመጠው? በቀን ስንት ሰው ይታጠባል? ደንበኛው ካላወቀ ኤሌክትሪሺያን አይቶለት ይመለስ። ብዙ ሰው ለሚኖርበት የደጋ ቤት እኔ የምመክረው ቦይለር ነው።

«እንዲህ ከጠየቅን ገዢ ይሸሻል» የሚለኝ ነጋዴ አለ። ይሽሽ። የሸሸ ደንበኛ ነገ ሌላ ዕቃ ፈልጎ ይመጣል። ቤቱ የተቃጠለበት ግን ወደ እኛ ሱቅ አይመለስም፤ ጎረቤቱም እንዳይመጣ ያደርጋል።