የውርስ መሬት በስፋቱ ብቻ አይለካም

ሰው ለልጁ ከሚያወርሰው ሀብት ሁሉ መሬትን የሚያህል የለም ይባላል። ወርቅ ይሰረቃል፤ ከብት ይሞታል፤ ቤትም ያረጃል፤ መሬት ግን ከስፍራው አይነቃነቅም ተብሎ ስለሚታመን፣ አባት ሲያወርስ ልጅም ሲወርስ የሁለቱም ልብ ያርፋል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ዐምድ ለተከበሩት አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ቃል፣ ይህ ዕረፍት እውነተኛ አለመሆኑን የሚያስረዳ ነው። መሬት ከስፍራው ይነቃነቃልና። የሚሄደውም በየክረምቱ ጥቂት በጥቂት ነው፤ ሲሄድም ባለቤቱ በቤቱ ተቀምጦ የዝናቡን ድምፅ እየሰማ ዘመኑ መልካም ነው ብሎ ይደሰታል።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ከምንውልባቸው ክርክሮች ብዙዎቹ የድንበር ነገር ናቸው። አንዱ «ጎረቤቴ አንድ ትልም ገፍቶ አረሰብኝ» ብሎ ይከሳል፤ ሌላው «የድንበሩ ድንጋይ ከጥንት ከዚሁ ነበረ» ብሎ ይመልሳል። ሽማግሌ ይጠራል፤ ምስክር ይቈጠራል፤ ቀጠሮ ይለወጣል፤ ስለ አንድ ትልም ወንድምና ወንድም ተኳርፈው ይኖራሉ። ነገር ግን ጎርፍ ከሁለቱም ማሳ ላይ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ ሲያወርደው ከሳሽም ተከሳሽም አይገኝም። ጎረቤት የገፋው መሬት ቢያንስ በዐይን በሚታይ ስፍራ ይቀመጣል፤ ዳኛም ሊያስመልሰው ይችላል። ጎርፍ የወሰደውን ግን የሚያስመልስ ችሎት የለም።

ይህ አነጋገር ለማስፈራራት የተባለ እንዳይመስል ነገሩን በቍጥር እንግለጸው። ከ1974 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጎጃም በአንጀኒ፣ በሰሜን ሸዋ በአንዲት ጥድ፣ በወሎ በማይባር፣ በሌሎችም ስፍራዎች ዝናቡንና የሚታጠበውን አፈር የሚመዝን የምርምር ሥራ ቆሞ ነበር። በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀው ስዊሳዊው ሊቅ ሐንስ ሁርኒ፣ በደጋው አገር ከሚታረስ መሬት በያንዳንዱ ሄክታር በየዓመቱ በአማካይ 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገመተ። ይህም አፈር በማሳው ላይ ተዘርግቶ ቢታሰብ ውፍረቱ ወደ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። አራት ሚሊሜትር የጤፍ አገዳ ውፍረት እንኳ ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ ማንም አያየውም። ነገር ግን 25 ዓመት፣ ማለት ልጅ ተወልዶ ጎጆ እስኪወጣ ድረስ፣ ሲጠራቀም 10 ሳንቲሜትር፣ በእጅ ሲለካም ግማሽ ስንዝር ያህል ይሆናል።

እንግዲህ አራት ጥማድ መሬት፣ አንድ ስንዝርም አፈር ያለው አባት ሁለት ልጆች ቢኖሩት ምን ያወርሳቸዋል? ሁሉም ሰው «ለያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጥማድ፣ እኩሌታ እኩሌታውን» ብሎ ይመልሳል። አፈሩ ሳይጠበቅ ከኖረ ግን ስፋቱ በእኩሌታ ሲካፈል ጥልቀቱም በእኩሌታ ጐድሏልና፣ ልጁ የተቀበለው የአባቱን ሀብት እኩሌታ ሳይሆን ሩቡን ነው። ስፋቱ ሲካፈል ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ገመድ ተይዞ፣ ፊርማ ተፈርሞ ነው። ጥልቀቱ ሲጐድል ግን ማንም አልተጠራም።

የአፈር ጥልቀት ዋጋው ምንድን ነው የሚል ቢኖር፣ አፈር የውሃ ጎተራ መሆኑን ያስብ። ወፍራም አፈር የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ያስቀምጣል፤ ዝናቡ በመስከረም ቶሎ ቢያቆም እህሉ ከዚያ ጎተራ እየጠጣ ፍሬውን ይሞላል። ስስ አፈር ግን የሚያስቀምጥበት ጎተራ የለውምና ዝናቡ ባቆመ በጥቂት ቀን አዝመራው ይጠወልጋል። ያልተጠጣውም ውሃ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ከታች ያለውን ማሳ ቦረቦር ያደርገዋል፤ ወደ ምድር ውስጥ ስላልገባም ምንጩ በበጋ ይነጥፋል። ስለዚህ አፈርን፣ ውሃንና ደንን ሦስት ልዩ ልዩ ነገር አድርጎ የሚያያቸው ሰው ይሳሳታል፤ አንዱ ሲጎዳ ሁለቱ አብረው ይጎዳሉ።

ሕግም ይህን ሳያስብ አልቀረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ የቀድሞው የርስት ሥርዓት ካለፈ ወዲህ፣ ገበሬው የሚያወርሰው የይዞታ መብቱን ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቍጥር 456 ባለ ይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ ሳይሆን ለዛፍና ለመኖ እንዲውል፣ ከዚያ ዝቅ ያለውም ቁልቁለት ያለ እርከን እንዳይታረስ ደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል፤ አሳቡ ግን የሚዘነጋ አይደለም። ሆኖም ሕግ በየማሳው ዘብ አያቆምም። የአፈር ጥበቃ መጀመሪያው የቤት አስተዳደር ነው።

ከቤትም አስቀድሞ የሚታሰበው ምድጃው ነው። በብዙ ደጋ አገር እንጨት ስላነሰ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበትም ማለት ለማሳው የሚገባው ፍግ ማለት ነው። ደኑ ሲያልቅ ኩበቱ ወደ ምድጃ ይገባል፤ ኩበቱ ወደ ምድጃ ሲገባ ማሳው ይራባል፤ ማሳው ሲራብ ምርቱ ያንሳል፤ ምርቱ ሲያንስ ገበሬው ዳገቱን መንጥሮ ያርሳል፤ የቀረውም ዛፍ ያልቃል። ይህን ስንል የቤት እመቤቶችን መውቀሳችን አይደለም። እንጀራ ሳይጋገር አይታደርም፤ እንጨት ፍለጋ ሩቅ መንገድ የምትሄደውም እርስዋ ናት። ወቀሳው፣ ካለ፣ በቤቱ ዙሪያ ዛፍ ሳይተክል ሚስቱን «ማገዶ የት አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ አባወራ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር እንዳዳናት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ስለሚሻማ ከምንጭ ዳርና ከእህል ማሳ ርቆ ቢተከል ይሻላል። በማሳው ዳር ዋንዛና ብሳና ቢቆሙ ቅጠላቸው ረግፎ አፈር ይሆናል። ደግሞ ምርጥ ምጣድ የሚባለው እሳቱን ዙሪያውን የሚከድን ምድጃ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋራ ሲመዛዘን የእንጀራውን ማገዶ እስከ እኩሌታ ድረስ ይቆጥባል። ከምድጃ የተረፈው ኩበት ለማሳው የተመለሰ ፍግ ነው።

ሁለተኛው ሥራ እርከን ነው። ስለ እርከን ገበሬዎች የሚያነሡት ክርክር አለ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። እርከን ከማሳው ስፍራ ይወስዳል፤ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ በውስጡም አይጥ ይራባል ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እርከን የወሰደው ስፍራ በዚያው በማሳው ውስጥ ይኖራል፤ በላዩም ሣር ቢተከልበት ለከብቱ መኖ ይሆናል። ጎርፍ የወሰደው ግን ከአገር ይወጣል። በአንጀኒ አፈሩ ወደ ላይ እየተጣለ የተሠራው እርከን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሱ አፈር እያጠራቀመ ዳገቱን ወደ ደረጃ ለውጦታል። የኮንሶ ሕዝብም ደረቅና ድንጋያም ተራራውን በድንጋይ ካብ ደረጃ በደረጃ አድርጎ ከ400 ዓመት በላይ አርሶበታል። የዓለም መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን ምድር በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ቅርስ መዝገብ ያገባው ለሥራው ክብር ሰጥቶ ነው። ኮንሶዎች ይህን የሠሩት አንድ ጊዜ ሠርተው በመተው አይደለም፤ የፈረሰውን ካብ በየጊዜው እየጠገኑ፣ አባት ለልጅ እያስረከበ ነው እንጂ።

ሆኖም አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን እርከን ቢሠራ አይበቃም። ውሃ ከላይ ይመጣልና። ገበሬው ትርፉን ውሃ ከማሳው ለማስወጣት የሚያወጣው ፈሰስ ወደ ታችኛው ጎረቤት ማሳ ሲገባ፣ ያንዱ መዳኛ የሌላው መጥፊያ ይሆናል። በችሎት ከሚሰሙት ጠቦች አንዳንዱ ከዚህ የተነሣ ነው። ፍርድ ቤት ካሣ ሊያስከፍል ይችላል፤ ቦረቦሩን ግን አይደፍነውም። መድኃኒቱ ከላይኛው እስከ ታችኛው ያሉ ባለ ማሳዎች አስቀድመው ተቀምጠው፣ ውሃው በየት እንደሚወርድና ክትሩን ማን እንደሚጠግን መስማማት ነው።

ስምምነት ስንል ትእዛዝ ማለታችን አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ከደረሰው ረኃብ በኋላ በነበሩት ዓመታት በብዙ ወረዳ ሕዝቡ እህል እየተሰፈረለት እጅግ ብዙ እርከን ሠርቶ፣ ብዙ ችግኝም ተክሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ግን በብዙ ስፍራ እርከኑ ፈረሰ፤ የማኅበሩም ደን ተቈረጠ። ሕዝቡ አፈር ጠልቶ አልነበረም፤ ዛፉ የማን እንደሆነና ፍሬውን ማን እንደሚካፈል ስላልታወቀ ነው እንጂ። የራሱ ያልመሰለውን ንብረት የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው።

የዚህም ተቃራኒ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ነው። ከ100 ካሬ ኪሎሜትር የማያንስ ይህ ብርዳም ከፍታ፣ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደሆነ በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የአስቦና የጌራ ወገኖች አለቃ እየመረጡ፣ ምድሩን ለጥቂት ዓመታት ይዘጉታል፤ ጓሳው ሲደርስ ወይም የችግር ዘመን ሲመጣ ይከፍቱታል፤ የቤት ክዳንና ገመድ የሚሆነውን ጓሳ፣ ማገዶና ግጦሽም በተወሰነ ጊዜ ይካፈላሉ፤ ክረምቱ ሲገባ መልሰው ይዘጉታል። ሥርዓቱ በርስት ዘር ላይ የቆመ ስለነበረ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀረ። ነገር ግን ነዋሪዎቹ ምድሩ ሲጎዳ ባዩ ጊዜ፣ በዘር ሳይሆን በየቀበሌው በተመረጠ ኮሚቴ ጥበቃውን አቋቋሙት። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ምድር መገኘታቸው፣ ከተራራውም የሚወርዱ ጅረቶች መኖራቸው ለጥበቃው ምስክር ነው። በትግራይም የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች ተራራቸውን ከልቅ ግጦሽ ከልለው፣ ክትርና ጉድጓድ ሠርተው፣ የጠፋው ውሃ በቅርብ ጥልቀት እስኪገኝ ድረስ ስላደረሱ በ2004 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ተቀበሉ። በሁለቱም ስፍራ የተከለከለው ምድር ለዘላለም የተከለከለ አይደለም፤ ለሁሉ እንዲበቃ ጊዜና ድርሻ የተወሰነለት ነው። ማናቸውም ባልና ሚስት ይህን ያውቁታል፤ የዘር እህል በጎተራ ለብቻው ሲቀመጥ ከረኃብ የተነሣ እንኳ በቀላሉ አይነካምና።

በወረዳና በቀበሌ በሹመት ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ የተተከለው ችግኝ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ቍጥሩን መመለስ ቀላል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የቆመው ስንት ነው፣ የሚጠብቀው ማን ነው፣ ድርሻውስ ለማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚመለሰው ቃል ግን የአስተዳደር ሚዛን ነው።

በየቤታችሁ መሬት የምታወርሱ ወላጆችም፣ ወይም በከተማ እየኖራችሁ በገጠር የአባቶቻችሁን ይዞታ የምትጠብቁ፣ አንድ ቀላል ነገር እንድታደርጉ እንመክራለን። ማሳው ሲካፈል ገመድ ብቻ ሳይሆን ዶማም ይምጣ። በላይኛው ጫፍ፣ በመካከልና በታችኛው ጫፍ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ እስከ ድንጋዩ ስንት ስንዝር እንደሆነ ይለካ፤ ልጆች ባሉበትም በወረቀት ይጻፍ። በየአምስት ዓመቱም በዚያው ስፍራ አጠገብ ደግሞ ይለካ። ጥልቀቱ ከጐደለ ወራሹ ሳይከስ አባት ራሱ ዳኛ ሆኖ ይፍረድ፤ ፍርዱም በሚመጣው በጋ እርከን መሥራት ይሁን።