የማዋለጃ ጣቢያና ሆስፒታል፦ የሚነጣጠሉ ሳይሆኑ የሚደጋገፉ

ሕዝባችን አራስ ሲጠይቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። በዚህች አጭር ሰላምታ ውስጥ የብዙ ትውልድ መራራ ተሞክሮ ተጨምቆ ይገኛል፤ ይኸውም መውለድ ከሞት ጋር መጋፈጥ፣ መትረፍም እንደ ምሕረት የሚቆጠር ሆኖ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ሳቢያ ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት አኀዙ ወደ 412 ዝቅ ብሏል። በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናትም በ2000 ከመቶ 5 ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብለዋል። የእናቶች እግር ወደ ጤና ተቋም ባቀና መጠን ግን አዲስ ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ጥያቄውም «የትኛው ተቋም?» የሚል ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። አንደኛው «ሆስፒታል ካልሆነ ወሊድ አይታመንም» የሚለው ነው። በዚህ እምነት ጤነኛዋ ወላድ የሰፈሯን ጤና ጣቢያ አልፋ ሄዳ የሆስፒታሉን አልጋ ስታጨናንቅ፣ ቀዶ ሕክምና በአስቸኳይ የሚያስፈልጋት እኅቷ በኮሪደር ላይ ተራ ትጠብቃለች። ሁለተኛው «እናቶቻችን ሁሉ በየቤታቸው ወልደው የለም ወይ?» የሚለው ነው። ይህ አባባል የተረፉትን ብቻ ቆጥሮ የሞቱትን የሚረሳ በመሆኑ ፈጽሞ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

ትክክለኛውን አቋም ለመያዝ ከተጨባጩ ሁኔታ መነሣት ያሻል። የማዋለጃ ጣቢያ ስንል፣ በሠለጠኑ አዋላጅ ነርሶች የሚመራና ጤናማ ወሊድን የሚያስተናግድ፣ ለወላዷ መኖሪያ የቀረበ ተቋም ማለታችን ነው። በአገራችን ይህን ድርሻ በዋናነት የሚወጣው ጤና ጣቢያ ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነና ከ64,000 በላይ ጤናማ ወላዶችን የተከታተለ ሰፊ ጥናት፣ ከሆስፒታል ተነጥለው በአዋላጆች በሚመሩ ጣቢያዎች ለመውለድ ያቀዱ እናቶች ልጆች ለከፋ ጉዳት የመጋለጣቸው መጠን በሆስፒታል ለመውለድ ካቀዱት ጋር ጉልህ ልዩነት እንደሌለው፣ እናቶቹም ለቀዶ ሕክምና የተዳረጉት ባነሰ መጠን እንደሆነ አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ከዚሁ ጥናት ሊሰመርበት የሚገባ ሌላ ቁም ነገር አለ። በእነዚሁ ጣቢያዎች ምጥ ከጀመሩት መካከል፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱት ከመቶ 36 ያህሉ፣ ቀደም ሲል የወለዱት ደግሞ ከመቶ 9 ያህሉ ወደ ሆስፒታል ተዛውረዋል። እንግዲህ የጣቢያው አስተማማኝነት የቆመው በአዋላጆቹ ችሎታና ከበስተ ኋላው ባለው አምቡላንስ፣ መንገድና ሆስፒታል ላይ ነው። መንገዱ የተቆረጠ ጣቢያ፣ ችግር ለገጠማት ወላድ ወጥመድ ይሆናል።

የሥራ ድርሻቸውም ይህንኑ ያሳያል። ጤና ጣቢያው ደም እንዳይፈስ ኦክሲቶሲን ይወጋል፤ በደም ግፊት ሳቢያ ለሚመጣ መንቀጥቀጥ ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣል፤ የቀረ እንግዴ ልጅ ያወጣል፤ መተንፈስ ያቃተውን ጨቅላ ይረዳል። ቀዶ ሕክምናና ደም መስጠት ግን የሆስፒታል ተግባር ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ጤነኛይቱን ሴት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት መለካት ይኖርበታል።

ርቀትን አስቀድሞ ማሸነፍ እንደሚቻል ከራሳችን አገር የተገኘ ማስረጃ አለ። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል የወላዶች ማቆያ አቋቁሟል። ለአደጋ የተጋለጡ እርጉዞች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው በዚያ ይሰነብታሉ። ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በማቆያው አልፈው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች በ100,000 ሲሰላ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት አይገባም። ነገር ግን ዋናው ትምህርት ያለውም እዚሁ ላይ ነው፤ ቀድሞ መድረስ ራሱ ሕይወት አድን ነው።

ከዚህ ሌላ በዝምታ ሊታለፍ የማይገባው የወላዷ ክብር ነው። አንዲት ሴት ዘመድ አጠገቧ እንዳይቆም ተከልክላ፣ ስትጮኽ ተገሥጻ ከወጣች፣ ለሚቀጥለው ልጇ ቤቷን ብትመርጥ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ እናት ከልጇ ጋር የምትሆንበት ጣቢያ ስንሠራ ግን ቤቷን ትታ ለመምጣት አታመነታም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለጤና ሠራተኛው ብቻ የሚተው ተግባር ነውን? አይደለም። ወላድን የሚገድሉት መዘግየቶች ሦስት እንደሆኑ የዘርፉ አጥኚዎች ያስተምራሉ፦ ለመሄድ መወሰን፣ መድረስና ከደረሱ በኋላ ሕክምና ማግኘት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእኛው በሰፈራችን እጅ ያሉ ናቸው። በመሆኑም የሰፈር ማኅበራትና ዕድሮች በየመንደራቸው ያሉትን እርጉዞችና የመውለጃ ወራቸውን ሊያውቁ፣ ሌሊት የሚነሣ መኪና ከነሾፌሩ አስቀድመው ሊያዘጋጁ፣ ለማቆያው እህል ሊያዋጡ፣ ደም ሊለግሱ ይገባል። ሠራተኛውም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተረጋገጠለትን መብት ሊያውቅ ይገባዋል። እርጉዝ ሠራተኛ ለምርመራ ከክፍያ ጋር ፈቃድ፣ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድም በኋላ 90 ቀን ዕረፍት አላት። የሠራተኛ ማኅበራት ይህ መብት በወረቀት ላይ እንዳይቀር መከታተል አለባቸው።

በአጭሩ፣ ክትትሏን ያላቋረጠችና ጤንነቷ የተረጋገጠ ወላድ በሰፈሯ ጤና ጣቢያ ትውለድ። በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች ወይም የደም ግፊት ያለባት ሴት ግን ምጥ ሳይጀምራት ወደ ሆስፒታል ትቅረብ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ቀንም ሌሊትም ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ የእኛ የሁላችን ኃላፊነት ነው። ያን ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስንል ከምሕረቱ ጋር የራሳችንም ድርሻ ይኖርበታል።