የተጣመመ ሻንሲ በአዲስ ፓራውልት አይሸፈንም

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ፣ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ውስጥ ያስጠረበው ነው። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ በሳንቃበር፣ በአምባራስና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራ የሚዘልቀውም በገደሉ ከዚያ የሚያንስ አይደለም። በነዚህ መንገዶች ገብሱና ባቄላው ወደ ገበያ ይወጣል፤ ስኳሩ፣ ጨውና ቆርቆሮው ወደ ሱቃችን ይገባል። ጣሊያን ሄዶ መንገዱ እንደ ቀረ፣ ቃሉም በጋራዦቻችን ቀርቷል፤ ፓራውልት፣ ባሌስትራ፣ ቡሎን የምንለው ከእርሱ የወረስነው ነው። ዛሬ ላሳስብ የፈለግሁት ስለ ፓራውልት ነው።

የጭነት መኪና በኩርባ ላይ ከቋጥኝ ወይም ከሌላ መኪና ጋር ሲጋጭ አስቀድሞ የሚጎዳው ፓራውልቱ ነው። ባለንብረቱም ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ፣ ከመኪናው ፋብሪካ ሳይሆን ከሌላ ሠሪ የመጣ ፓራውልት ይገዛል። ግጭቱ የሻንሲውን ጫፍ አጣሞት ከሆነ ግን አዲሱ ዕቃ አልገጥም ይላል። ያን ጊዜ በያጅ ተጠርቶ የቡሎኑን ቀዳዳ በእሳት ያሰፋል፤ በመካከል ቁራጭ ብረት ይለጥፋል፤ ቀለም ይቀባል። መኪናው ለዓይን ያምራል፤ አጥንቱ ግን እንደ ተጣመመ ነው።

እኔ የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ ሥራዬ ደረሰኝ መሰብሰብና መዝገብ መያዝ ነው። በመዝገብም የማየው ይህ ነው፤ የፓራውልቱ ዋጋ በአንድ መስመር ይጻፋል። ከዚያ በኋላ በአንድ ወገን ብቻ የሚበላ የፊት ጎማ፣ በየጊዜው የሚላላ ቡሎን፣ የሚሰነጠቅ ብየዳና መኪናው ያለ ሥራ የቆመባቸው ቀናት፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ይከተላሉ። ቢደመሩ ሻንሲውን ለማቃናት ይከፈል ከነበረው የሚበልጡበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሻንሲ የመኪናው አከርካሪ ነው። በፊተኛው ክፍሉ ላይ የሚታሰረው ፓራውልት ብቻ አይደለም፤ የፊት ባሌስትራው መያዣ፣ በብዙዎቹም መኪናዎች የመሪው ማርሽ ሳጥን የሚያርፈው በዚያው አካባቢ ነው። እዚያ ላይ የተሰነጠቀ ብረት በቀለም ተሸፍኖ ጭነት ይዞ ሊማሊሞን ይውረድ ማለት፣ በሹፌሩና በረዳቱ ነፍስ መጫወት ነው።

ትክክለኛው አሠራር ስውር አይደለም። መኪናው በደልዳላ ወለል ላይ ይቁም። ከሻንሲው ግራና ቀኝ አቻ ከሆኑት ቀዳዳዎች ቱንቢ እየተጣለ ነጥቡ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት። ከዚያም ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ በመስቀል ይለካ፤ ሁለቱ ልኮች ካልተካከሉ ሻንሲው ተጣሟል። ማቃናቱ በሃይድሮሊክ ክሪክና በሰንሰለት፣ ብረቱ ሳይግል፣ ቀስ እየተባለ ይሁን፤ እስኪቀላ ማጋል የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋልና። ከተቃና በኋላ ስንጥቅ እንዳለው ይመርመር። አዲስ ቀዳዳ የግድ ቢሆን በመሰርሰሪያ ይበሳ እንጂ በእሳት አይቀደድ፤ እርሱም በሻንሲው ጎን ላይ እንጂ በላይኛውና በታችኛው ከንፈሩ ላይ አይሁን። ከብየዳ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ የሻንሲው ቁጥር የተቀረጸበትም ቦታ ሞረድ አይንካው።

«በደባርቅ ይህ ሁሉ መሣሪያ ከየት ይመጣል? መኪናውስ ቆሞ ቢውል ገበያ ያመልጠናል» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን ቱንቢና ጠመኔ የትም አይጠፋም፤ ልኬቱም ከግማሽ ቀን የሚበልጥ ሥራ አይደለም። ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ መኪናው ባዶውን፣ መሪው አካባቢ ስንጥቅ ካለውም በሌላ መኪና ተጭኖ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር መግባት ይችላል። ያመለጠ ገበያ በሚቀጥለው ሳምንት ይገኛል፤ ገደል የገባ መኪና ግን ከነሰዉ አይመለስም።

ስለዚህ አስመጪው ፓራውልት ሲያዝዝ ከመያዣ ብረቱና ከቡሎኑ ጋር ያዝዝ፤ ለየትኛው ሞዴል እንደ ተሠራና ክብደቱም ስንት እንደ ሆነ የሚገልጽ ወረቀት ይጠይቅ፤ ከባድ ፓራውልት በፊት እግር ላይ ሸክም ይጨምራልና። ባለሱቁ የመኪናውን ሞዴልና የሻንሲ ቁጥር ሳይጠይቅ አይሽጥ፤ «ይገጥማል» ብሎ ሸጦ ያልገጠመውንም መልሶ ይቀበል። ባለንብረቱ ደግሞ የሻንሲውን ልክ ሳያይ የፓራውልት ገንዘብ አይክፈል። የንግድ ምክር ቤታችንም ይህን በአባሎቹ መካከል የታወቀ የንግድ ልማድ ቢያደርገው ለሁሉም ይበጃል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት ብቻ አይደለም። ፓራውልቱ ለሻንሲው ይስተካከል እንጂ ሻንሲው ለፓራውልቱ አይቆረጥ።